ድምፅ አልባው ፍቅር የማን ሀብት ነው?

አንዳንድ ወገኖቻችን ድምፅ የሌላቸውን የጥንት የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞች መሰብሰብ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ይሉናል። አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣውን የሃሮልድ ሎይድን «ገርል ሻይ» ያየ ይፍረድ። ሴት ፊት ምላሱ የሚተሳሰርበት የልብስ ሰፊ ረዳት ስለ ሴት አያያዝ መጽሐፍ ይጽፋል (ድፍረቱን ተመልከቱ!)። በመጨረሻም የሚወዳት ልጅ ሚስት ላለው ሰው ከመዳሯ በፊት ለመድረስ በመኪና፣ በትራም፣ በፈረስ ይከንፋል። አንድ ቃል ሳንሰማ ሁሉም ይገባናል። በሰው አገር ቋንቋ ስንንተባተብ ለምንውል ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ግን ኩባንያዎቹ የቀድሞውን እንደማይሸጥ ዕቃ ቆጠሩት። የተቀረጸበት ናይትሬትም ቶሎ ይነድዳል፣ ይበሰብሳል። የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ11,000 ገደማ የአገሪቱ ድምፅ አልባ ረጃጅም ፊልሞች በመጀመሪያ ይዞታቸው ሙሉ ሆነው የቀሩት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹም የተረፉት በግለሰቦች ቤት በነበረ ባለ 16 ሚሊሜትር ቅጂ ነው።

ስለዚህ ሰብሳቢውን አናወግዝም። የምናወግዘው ቅጂውን በሣጥን ቆልፎ ለማንም የማያሳየውን ነው። «ገርል ሻይ» በአሜሪካ የባለቤትነት መብቱ እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቶ የሕዝብ ሆኗል። ቅጂ ያለው ይዞ ይምጣ፤ ግድግዳውን እኛ እናዘጋጃለን።