ወርቅ፣ ብር፣ ጨርቅ

ባለፈው ክረምት አንከሻ ውስጥ፣ ግምጃ ቤት ከተማ፣ እናቴ ዘንድ አንዲት ተማሪ ሦስት ሳምንት አርፋ ነበር። ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው። ኮሌጇ ተማሪዎቹን ውጭ አገር ይልካል፤ አገልግለው፣ ከሰዉ ጋር ኖረው ሲመለሱ ነጥብ ይይዝላቸዋል። ለእሷ «ውጭ አገር» የተባለው የወላጆቿ አገር መሆኑ ትንሽ ያስቃል። ጠዋት ጠዋት ለሠፈሩ ልጆች እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ከሰዓት በኋላ የአንከሻ ዝናብ ስለማያስወጣ ከእናቴ ጋር ጓዳ ትውላለች።

ቤቷ የተማረችውን አማርኛ አንጠልጥላ መጥታ አገውኛ ጠበቃት። እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ ሰምታ ግራ ገባት። «እማማ፣ ይሄ ምንድነው የምታወሩት?» አለች። አንከሻ ከሰባት ቤት አገው አንዱ መሆኑን፣ እዚህ ልጆች ፊደል የሚቆጥሩት በአገውኛ መሆኑን ነገርናት። ደብተር አውጥታ ጻፈች። በዚያ ሰሞን የማትጽፈው ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሳምንት እናቴ ከመደብ አላስነሳቻትም። ጥሩው ጋቢ ለእሷ፣ ማሩ ለእሷ፣ እንጀራውም ከመሀል ለእሷ። ውኃ ልቅዳ ብትል «በሞትኩት!» ተባለች። በሁለተኛው ሳምንት ቡና ቁይ ተባለች፤ አሳረረችው፤ «ደግ ነው፣ ደግ ነው» ተብሎ ተጠጣ። በሦስተኛው ሳምንት ድንች ልጪ ተባለች።

ድንች በእኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ ክረምት የሚያሻግረው እሱ ነው። ልጅቷ ቢላዋውን ወደ ውስጥ እየሰደደች፣ እንቁላል የሚያህለውን ድንች የእርግብ እንቁላል አሳክላ ሳህን ላይ ታኖራለች። እናቴ እሳቱን እየቆሰቆሰች አየት፣ አየት አደረገች። ቆይታ ልጡን ዘግና ለብርሃን ከፍ አደረገችውና፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትልጪው ለእኛ ነው ለላሟ?» አለቻት። ከዚያ ቢላዋውን ነጥቃ፣ አውራ ጣቷን ስለቱ ላይ አስደግፋ፣ ልጡ እንደ ወረቀት ሳስቶ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚወርድ አሳየቻት። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ደብተሯንም አላነሳችም። ድንቹን ተቀብላ እንደገና ጀመረች።

በማግስቱ የመሄጃዋ ቀን ነበር።

ሰዉ «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ጨርቅ» ይላል። ሁሉም ይህን የሚጠቅሰው እንግዳ ቶሎ እንዲሄድ ነው። እኔ ግን ለማወቅ የመጣ ሰው ጨርቅ እስኪሆን መቆየት አለበት ባይ ነኝ። ወርቅ ሆኖ የሚሰነብት ሰው ስለ አስተናጋጁ የሚያውቀው የጋቢውን ሙቀት ብቻ ነው። አስተናጋጁ መቆጣት ሲጀምር ነው ቤቱ የሚከፈተው።

ድሮ ይህ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ክፍለ ሀገር ይሰድደው ነበር፤ አብዛኛው አስተማሪ ሆኖ። ተማሪው አጉረምርሟል። ግን አንድ ዓመት ማለት ክረምትም በጋም፣ ጾምም ፍስክም ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓዶችም የሁለት ዓመት ሰዎች ነበሩ። ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ በኋላ ሴናተር ሆነ፣ በፈረንጆቹ 1992 ለፕሬዚዳንትነት እጩነት ተወዳደረ፤ የወሊሶውን ዘመን ግን ከአፉ አልለየውም።

የእኛም ልጆች ሄደዋል። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ጦር ሜዳ የወደቁባቸው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደምትባለው ተወስደዋል። እዚያ የቀኑ እኩሌታ ትምህርት፣ እኩሌታው የብርቱካንና የግሬፕ ፍሩት እርሻ ነበር። አረም አርመዋል፣ ፍሬ ለቅመዋል፣ ከአንጎላና ከሞዛምቢክ ልጆች ጋር ኳስ ተራግጠዋል። ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቶ አዲስ አበባ ሲገናኙ ወሬው ሲሞቅ ወደ ስፓኒሽ ይሻገራሉ። በዚያ ጦርነት ለወደቁት ወታደሮች ጥቁር አንበሳ አጠገብ ትግላችን ሐውልት ቆሟል፤ ለግሬፕ ፍሩት ለቃሚዎቹ የቆመ ነገር አላየሁም።

እናቴ ደግሞ የራሷ ምስክር አላት። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ወደ 60,000 የሚጠጋ ተማሪና አስተማሪ ገጠር ገባ። እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። በአካባቢው የነበረ አንድ ዘማች መጀመሪያ ስለ መሬት ላራሹ በመጽሐፍ አማርኛ ያስረዳ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በትሕትና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ አንድም አልገባቸው። ወራት አለፉ፤ ቅማል ወረረው፣ በእርሻ ድንበር ጉዳይ ተጣልቶ ታረቀ። «ሲጨርስ እኮ ሲናደድ በአገውኛ ይሳደብ ነበር» ትላለች እናቴ፣ እየሳቀች። ስለ ንግግሮቹ አንድም የምታስታውሰው የለም።

አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ቲሸርት ለብሰው የአቅመ ደካማ ቤት ክዳን የሚቀይሩ ወጣቶች እናያለን። ክዳኑ ይቀየራል፤ ይበል ነው። ግን መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ የሚጠብቃቸው ነው የሚመስለኝ፤ ፎቶው ከተነሳ በኋላ አሮጊቷ ስማቸውን ለመጠየቅ እንኳ አይደርሱባቸውም። ከባሕር ማዶ የሚመጡትንም እንዲሁ በፈረስ አስቀምጠን፣ ፎቶ አንስተን እንሸኛለን። ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም ወርቅ አድርገን ማስቀመጡን እንወደዋለን፤ ክብራችን ነውና።

ልጅቷ በመስከረም ደወለች። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጮክ ብላ አወራቻት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ትምህርቷ። ከዘጋች በኋላ ወደኔ ዞራ፣ «ለመሆኑ ምን አስቸኮላት?» አለች። «ገና እጇ መፍታቱ ነበር።»