ጥቃቅን የማድ ቤት መቁረጫዎች ለጀጎል ጓዳ ሊሰጡ ስለሚችሉት አዲስ ጥቅም

በጀጎል ግንብ ዙሪያ፣ በተለይም በሸዋ በርና በኤረር በር በኩል በሚቆመው ገበያ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምን እንደሚሆን የሐረር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከሐረማያ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከቀርሳና ከባቢሌ በኩል ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ቀይ ሽንኩርቱንና ስኳር ድንቹን በአህያና በመኪና ጭኖ የመጣው ገበሬ ሳይመሽበት ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲል ጧት የጠራውን ዋጋ ማታ ይጥለዋል። የጀጎል እማወራ በበኩሏ በርካሽ አገኘሁ ብላ ለሰሞኑ ከሚያስፈልጋት በላይ ትገዛለች። በሳምንቱ ድንቹ ያቆጠቁጣል፣ ካሮቱ ይጠወልጋል፣ የቀረውም ከደጅ ይጣላል። ሌሊት በግንቡ ቀዳዳ እየገባ የሥጋ ቤቱን ትርፍራፊ የሚያጸዳው ጅብ እንኳ የበሰበሰ ድንች አይነካም።

እኛ በግብርና ምርምርና በኤክስቴንሽን ሥራ ላይ የተሰማራን ሰዎች በየጊዜው በምናወጣቸው በራሪ ጽሑፎች ስለ ተሻሻሉ ዝርያዎች፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ በሽታ መከላከያ ብዙ ተናግረናል። «አለማያ 624»፣ «ጉዳኔ»ና «ቡቡ» የተባሉት የድንች ዝርያዎች ከአንድ ማሳ የሚገኘውን ምርት ከፍ ለማድረግ ሲባል ተመርጠው የወጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ተደክሞበት የተገኘው ምርት ከግንቡ በር ከደረሰ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር የጻፍነው እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየትም ይህንኑ የሚመለከት ነው። በጀጎል መተላለፊያዎች ቺብስ ጠብሰው የሚሸጡ ሴቶችና ወጣቶች የሚገለገሉበት ትንሽ የድንች መቁረጫ፣ አትክልትን አድርቆ ለማቆየት ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁሉ ዋነኛው ነው እንላለን። እኛ ግን እስካሁን እንደ ከተማ መጫወቻ ቆጥረን አልፈነዋል።

ዕቃው ለማንም እንግዳ አይደለም። ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ጠባብ ገበታ ሲሆን፣ መሐሉ ላይ አንድ ስለት በአግድም ተሰክቶበታል። ድንቹ በገበታው ላይ ወደ ታች በተገፋ ቁጥር ከስለቱ በታች አንድ ስስ ቁራጭ ይወድቃል። በስለቱና በገበታው መካከል ያለው ክፍተት የማይለወጥ ስለ ሆነ አንደኛውም ቁራጭ መቶኛውም ቁራጭ እኩል ውፍረት ይኖራቸዋል። ጠቃሚነቱ ሁሉ ከዚህ እኩልነት የሚመጣ ነው። ቢላዋ በሠለጠነ እጅም ቢሆን ይህን ያህል አይታመንም።

ይህን የተማርነው ከስሕተታችን ነው። ከዓመታት በፊት በግንቡ ውስጥ አንድ ግቢ ተሰብስበው ለነበሩ እናቶች አትክልት ስለ ማድረቅ ትምህርት ስንሰጥ፣ ድንቹና ካሮቱ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቆረጥ ብለን በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል አሳየን። አንዲት አዛውንት እናታችን 3 ሚሊ ሜትር ማለት ምን ያህል እንደ ሆነ በጣታችን እንድናሳያቸው ጠየቁን፤ ከመካከላችን ሦስታችን ሦስት ዓይነት ውፍረት አሳየናቸው። ሴቶቹ ሳቁብን፤ እኛም አብረን ሳቅን። በሳምንቱ ስንመለስ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። በቢላዋ ከተቆረጠው መካከል ስስ ስሱ ደርቆ ሲሰባበር ወፍራም ወፍራሙ እንደ ረጠበ ቀርቶ ነበር። ሁለቱም በአንድ ዕቃ ተከድነው ስለ ከረሙ የወፍራሞቹ እርጥበት ወደ ደረቁት ተዛምቶ ሁሉም ሻግቷል። እናቶቹ ድንቻቸውን ከሰሩ፤ ቀጥሎ በተጠራው ስብሰባም ከግማሽ የማይበልጡት ብቻ መጡ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ልኩን ነገርናቸው እንጂ ልኩን የሚጠብቅ ዕቃ አልሰጠናቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁራጩ መሐል ያለው ውኃ ሊተን የሚችለው መጀመሪያ ወደ ገጽታው ከወጣ በኋላ ነው። የቁራጩ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የማድረቂያው ጊዜ እጥፍ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ አራት እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በ2 ቀን የሚደርቀው ድንች በውፍረቱ ምክንያት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ ሊሰነብት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዝንቡም፣ አቧራውም፣ የሌሊቱ ጤዛም ይደርሱበታል። ለማድረቅ የሚስማማው ውፍረት ከክብሪት እንጨት ጥቂት የሚወፍር ነው። መቁረጫ የምትገዛ እማወራ በስለቱና በገበታው መካከል የክብሪት እንጨት አስገብታ ብታይና እንጨቱ ትንሽ ላላ ብሎ ቢያልፍ ዕቃው ለዚህ ሥራ ይሆናታል። የክብሪት እንጨት የማያሳልፈው ለቺብስ እንጂ ለማድረቅ አይመረጥም፤ ቁራጩ ሲደርቅ እንደ ወረቀት ሳስቶ ከመደቡ ላይ ይጣበቃልና።

የተቆረጠው ድንች እንዳይጠቁር በፈላ ውኃ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ተነክሮ መውጣት አለበት፤ ለካሮት 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያም ውኃው ተንጠፍጥፎ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳይደራረብ ይሰጣል። በዚህ ረገድ የጀጎል ቤቶች ዕድለኞች ናቸው፤ የጥንቱ የድንጋይ ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ከዚያ የተሻለ ማስጫ አይገኝም። የሐረር ጭልፊት ከሰው እጅ ሥጋ መንጠቅ የለመደ ስለ ሆነ ድንችም ቢሆን በስስ ሻሽ ቢሸፈን ይሻላል። ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ግን በቀጥታ ፀሐይ አይሰጡም። ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ቀለማቸው በፀሐይ ብርሃን ስለሚጠፋ በጥላ ውስጥ ወይም በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነው ነፋስ ሊያደርቃቸው ይገባል። ስለ ሰፌድም አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስፌት ዕቃዎች አይተው ለማስጫ እንዲወርዱ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የአደሬን እናት ከግድግዳዋ ላይ ስፌቷን አውርጂ ማለት የጨዋ ሰው ሥራ አይደለም፤ ተራ የእህል ሰፌድ ይበቃል።

መድረቁ የሚታወቀው ቁራጩ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የፀሐይ ወቅት ይህ ከ2 እስከ 3 ቀን ይፈጃል። ከተላጠ 10 ኪሎ ግራም ድንች ውስጥ 8 ኪሎ ያህሉ ውኃ በመሆኑ ከደረቀ በኋላ የሚገኘው 2 ኪሎ ከጥቂት ግራም ነው፤ ከ10 ኪሎ ካሮት ደግሞ 1 ኪሎ ከሩብ ያህል ይገኛል። ይህን ስንናገር ተከሰርኩ የሚሉ አሉ። የጠፋው ግን ውኃው ብቻ ነው፤ ምግቡ በማሰሮ ወይም ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ተከድኖ ለወራት ይቆያል። በመጀመሪያው ሳምንት ክዳኑን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ በክዳኑ ላይ ላብ ከታየ እንደገና ይሰጣል።

ማድረቅ ለጀጎል አዲስ ትምህርት አለመሆኑን መርሳት የለብንም። በርበሬ ይሰጣል፣ ቋንጣ ይሰቀላል፣ የቡና ቅጠልም ደርቆ ቁቲ ይፈላበታል። የጎደለው ለአትክልቱ የሚሆን አቆራረጥ ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየመጣ በተለያየ ወቅት ስለሚውል አትክልት በሚወደድበት ጊዜ የሚገባበት ዓመት አለ። በዚያን ጊዜ ለሾርባው የሚሆን ካሮትና ድንች በጓዳዋ ያስቀመጠች ሴት ለብ ባለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ያህል ነክራ ድስቱ ውስጥ ትጨምራለች፤ ገበያ መውጣት አይኖርባትም። ስኳር ድንችም ደርቆ ቢፈጭ ዱቄቱ ከስንዴ ጋር ተደባልቆ ለልጆች ገንፎና ለቂጣ ይሆናል። በዩጋንዳ በቴሶ አካባቢ ስኳር ድንች ተቆርጦ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ «አሙኬኬ» በሚል ስም ይቀመጣል፤ ትኩሱ ከማሳ በሚጠፋበት ወራት ቤተሰቡን የሚያሻግረውም እሱ ነው። የእኛ የሐረርጌ ገበሬ ከቴሶ ገበሬ ያነሰ ስኳር ድንች አያውቅም።

ስለ ሌሎቹ ጥቃቅን ስለቶችም በአጭሩ እናንሣ። የድንች መላጫው ልጣጭ ለማንሣት ብቻ የተሠራ ይመስላል፤ ካሮት በቁመቱ ቢላግበት ግን እንደ ጥብጣብ የሳሳ ቁራጭ ይሰጣል፤ ይህም ከሁሉ ቀድሞ ይደርቃል። መፈቅፈቂያው ቀይ ሥርን ለሰላጣ፣ ካሮትን ለሳምቡሳ መሙያ፣ ደረቅ የልብስ ሳሙናንም በቶሎ እንዲሟሟ ለማድረግ ያገለግላል። ለሳሙና የዋለው መፈቅፈቂያ ግን ወደ ምግብ እንዳይመለስ ይለይ። ቀጫጭን ሽቦ የተወጠረበት የእንቁላል መቁረጫ በብዙ ቤት ከስጦታ ዕቃ ጋር መጥቶ ሳይነካ ተቀምጧል። ለጥሬ ድንች አይሆንም፣ ሽቦው ይበጠሳል፤ ለተቀቀለ ድንች፣ ለሙዝና ለእንጉዳይ ግን በአንድ ጭነት እኩል ቁራጭ ያወጣል።

ስለ ከብት መኖ ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገራለን፤ ይህ ለሐረርጌ የተለየ ጉዳይ ነውና። የሐረር ሰንጋ የሚታወቀው ገበሬው በቤቱ አስሮ የበቆሎና የማሽላ ቅንጣቢውን፣ የስኳር ድንቹንም ሐረግ በእጁ እያበላ ስለሚያደልበው ነው። ለገበያ የማይሆነው ትንንሽ ስኳር ድንችና የተሰበረው ካሮት ለሰንጋውም፣ በጀጎል ግቢ ለሚታሰረው ፍየልም ጥሩ ኃይል ሰጪ መኖ ነው። ሳይቆረጥ ከተሰጠ ግን ጉሮሮ ላይ ሊሰነቀርና እንስሳውን ሊገድል ይችላል። በመቁረጫው ከተቆረጠ ይህ ሥጋት አይኖርም፤ ከደረቀም ለበጋ ይቀመጣል። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች መርዝነት ስላለው ለሰውም ለእንስሳም አይሰጥ፤ መቆረጡም ሆነ መድረቁ መርዙን አያጠፋውም።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ሁሉ ሰምተው ምርምር ስለ ሽንኩርት መቁረጫ ይጻፍ ወይ ብለው ያሾፉብናል። ለብክነቱ መፍትሔው ቀዝቃዛ መጋዘንና ፋብሪካ ነው ይላሉ። መጋዘኑ ቢሠራ ደስ ይለናል፤ እስኪሠራ ድረስ ግን ድንቹ አይጠብቅም። ከዚህም በላይ የሐረማያን ነገር መርሳት አይገባም። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ የነበረው፣ ዙሪያውንም አትክልት ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው በከፊል ቢመለስም ገበሬው ጉድጓድ እየቆፈረ፣ በሞተር እየሳበ አትክልቱን ማጠጣቱን ቀጥሏል። በጀጎል ደጅ ለሚበሰብሰው እያንዳንዱ ኪሎ ድንች ከዚያ የተሳበ ውኃና የተቃጠለ ነዳጅ አለ። ይህ ብክነት በማድ ቤት ውስጥ የሚፈጸም ስለ ሆነ ብቻ የምርምር ጉዳይ አይደለም ለማለት አንችልም።

ስለሆነም የኤክስቴንሽን ሠራተኞች በግንቡ ውስጥ የማድረቅ ትምህርት ሲሰጡ አስተማሪ አድርገው ቺብስ ጠባሾቹን ቢጋብዙ መልካም ነው እንላለን። ስለቱ ሲደንዝ በምን እንደሚሳል፣ የትኛው መቁረጫ በወር እንደሚሰበር፣ ድንቹ በየት በኩል ቢገፋ እንደሚሻል ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። መቁረጫቸውም መጥበሻው ከመጣዱ በፊት ባለው ሰዓት ሥራ ፈትቶ የሚውል ስለ ሆነ ለጎረቤት ቢያከራዩት ወይም በኪሎ ሒሳብ ቢቆርጡበት ተጨማሪ ገቢ ያገኛሉ። የከተማው ብረት ሠሪዎችም ዕቃውን ለመሥራት የሚሳናቸው አይመስለንም፤ የሚያስፈልገው የለዘበ ጣውላ፣ የማይዝግ ስለትና አራት ብሎን ነው። የሚዝግ ብረት ድንቹን ስለሚያጠቁረው ለዚህ አይሆንም።

የጣትን ነገር ግን ሳናስጠነቅቅ አናልፍም። አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው ድንቹ አልቆ ትንሽ ሲቀር ነው። ከዕቃው ጋር የሚሸጠውን መያዣ የጣሉት ሰዎች የመጨረሻውን ቁራጭ በሹካ ወግተው ይግፉት፤ ያም ካልተመቸ ለፍየሉ ይተዉለት።