የእናቱን ቀብር ማን ከለከለው?

ከዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቀጥታው በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እዚያ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ቆሞ ሻንጣውን ይጠብቃል። የሚረዝመው ሲሄዱ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ነፋሱም ከፊት ይገጥመዋል። ሲመጣ ግን ያው ነፋስ ከኋላ ይገፋዋል። እንግዲህ ለሐዘን የሚመጣው ሰው የደረሰው አጭሩ መንገድ ነው።

ታዲያ እናት ስትሞት ልጅ የማይደርሰው ለምንድን ነው? አውሮፕላኑ ዘግይቶ አይደለም። እኛ ደብቀነው ነው!

ወጉን ታውቁታላችሁ። እናት ሌሊት ታርፋለች። ሲነጋ የእድር ጡሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል። አንድ ትልቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለልጁ እንዳትነግሩት» ይላል። ከሰዓት በኋላ ቀብር። ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር ቆይቶ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አምስት ስድስት ጓደኞች ጎህ ሳይቀድ በር ያንኳኳሉ። በመሀሉ ደውሎ ከነበረ «እማዬ ተኝታለች» ተብሏል። (አነጋገሩ እንኳ ውሸት አልነበረም።)

መርዶ የተበጀው ለበቅሎ ዘመን ነው። ሰውየው ሰማም አልሰማም ለቀብር አይደርስም፤ ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር እንዳይሆን ሽማግሌ ይላክለታል። ደግ ወግ ነበር። «ተረዳ» የሚለው ቃላችን እኮ ነገር ለገባውም፣ ሞት ለተነገረውም ያገለግላል። እኛ የምናረዳው ግን የመቃብሩ አፈር ከደረቀ በኋላ ነው።

«ብቻውን አውሮፕላን ላይ ምን ሊሆን ነው?» ይሉኛል። ከማያውቁት ሰው ጎን 13 ሰዓት ማልቀስ ከባድ ነው፣ አልክድም። ግን መምረጥ ያለበት እሱ ነው፤ የትኬቱንም ዋጋ እሱ ያስላ። ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ከወጣ መመለሻውን ሊያጣ ይችላል። የእሱ መንገድ በሰዓት አይለካም። ለእሱ ሽማግሌ ይሂድለት።

ለሌላው ግን ስልኩን አንሱ። እናት እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ብታርፍ ዋሽንግተን ገና ምሽት ነው። ወንበር ካገኘ በነጋታው ረፋድ ተሳፍሮ ቀብሩ አንድ ቀን ቢያድር ይደርሳል። በእስልምናው መቸኮሉ ሥርዓት ነውና እዚያ አልገባም። እኛ ግን ቀብር አሳድረን እናውቃለን። ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላትታ የምትመጣን አክስት ሲጠብቅ ያደረ ድንኳን፣ ከደለስ ለሚመጣው ልጅ ሲሆን ምን አስቸኮለው?