ላም አለኝ በሰማይ፤ ስለ ማዕድን አክሲዮን ለወጣቶች የተጻፈ

ገንዘቡን የሚያጠፋ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመጠጥና በቁማር የሚያጠፋው ነው፤ እርሱን ዘመድ ይመክረዋል፥ ጐረቤት ይታዘበዋል፥ የነፍስ አባቱም ይገሥጸዋል። ሁለተኛው ግን ላቡን አፍስሶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ምንነቱን ላልመረመረው ነገር አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ይህንን ማንም አይመክረውም፤ እንዲያውም «ጐበዝ ነው፥ አክሲዮን ገዛ» እየተባለ ይመሰገናል። እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ሰው ነው፤ የፊተኛው መካሪ አላጣምና።

በዚህ በእኛ በፀዳ፥ በአዘዞም ሆነ በጎንደር ከተማ፥ ወጣቶች ቡና እየጠጡ ሲጫወቱ የማዕድን ነገር ከአፋቸው አይለይም። «የአገራችን ሀብት ከመሬት በታች ነው፤ ባዕድ ሳይወስደው እኛ ቀድመን እንግባበት» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቀድሞ የሚጠራው ወርቅ ነበር፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ቦክሳይት የሚል ስም ተጨምሯል። ቃሉ የአገር ፍቅር ያለበት ስለ ሆነ ለጆሮ ይጣፍጣል። እኔ ግን በግልጽ እናገራለሁ፤ ያልተቆፈረ ድንጋይን እንደ ተገኘ ሀብት አድርጎ ለድኻ ልጅ የሚሸጥ ሰው፥ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ ቢመጣም ሌባ ነው። ምን እንደሚገዛ ሳይጠይቅ የሚገዛውም፥ ራሱን ባለ አክሲዮን ብሎ ቢጠራም ቁማርተኛ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ነውና አስቀድሜ ስለ ድንጋዩ ልናገር። የውጭ አገሩን ነገር በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፈዋለሁ። ቦክሳይት አሉሚኒየም የሚወጣበት አፈር መሰል ድንጋይ ነው። ስሙን ያገኘው በደቡብ ፈረንሳይ ካለች ሌ ቦ ከምትባል መንደር ነው፤ በ1821 ፒየር ቤርቲዬ የተባለ ሊቅ በዚያ መርምሮ ለይቶታል። ሙቀትና ዝናብ ለብዙ ሺህ ዘመን ዓለቱን ሲያበሰብሱት፥ ሌላው እየታጠበ ይሄድና አሉሚኒየም ያለበት ክፍል ይቀራል። አንዳንድ ሰው ይህን በጆሮው ሰምቶ የደጋችንን ቀይ አፈር እያሳየ «ይኸው ቦክሳይት» ይላል። ቅላቱ ግን የብረት ዝገት ምልክት ነው እንጂ ለአሉሚኒየም ምስክር አይሆንም። ደግሞስ አሉሚኒየም ቢኖርበት ምን ይደንቃል? በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት የብረት ዓይነቶች ሁሉ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው፤ ከመቶ ስምንት እጅ ያህል ይሆናል። የወለቃ ሴቶች ጀበና የሚሠሩበት ሸክላ እንኳ አሉሚኒየም አለበት። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች እንጀራ የበሉት ከእጃቸው ጥበብ ነው እንጂ በጭቃው ውስጥ ካለው አሉሚኒየም አይደለም። በአፈር ውስጥ መኖር ሌላ፥ ሀብት መሆን ሌላ ነው።

ድንጋዩ ሀብት የሚሆነው ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ ነው። አራት ቶን ያህል ቦክሳይት ተፈጭቶ በኮስቲክ ሶዳና በሙቀት ሲጣራ፥ አሉሚና የሚባል ሁለት ቶን ያህል ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። ሁለቱ ቶን ዱቄት ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል አንድ ቶን አሉሚኒየም ይሆናል። ለዚያ ለአንድ ቶን 14 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ፋብሪካ ለመሥራት አቅም የሌለው ትንሽ ኩባንያ ድንጋዩን እንዳለ ጭኖ ይሸጣል። ድንጋዩ ግን እንደ ወርቅ በኪስ የሚያዝ አይደለም፤ ክብደቱ ብዙ፥ ዋጋው ጥቂት ነው። ከጎንደር እስከ ባሕር ወደብ ያለውን መንገድ አስቡ፤ የከባድ መኪናውን ኪራይ፥ ነዳጁን፥ የወደቡን ክፍያ ደምሩ። ሒሳቡን ስትጨርሱ ተራራው በወሬ የተነገረላችሁን ያህል ከፍ ብሎ አይታያችሁም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በካሜሩን ሚኒም ማርታፕ የተባለው ስፍራ ነው። በዚያ ከ1 ቢሊዮን ቶን የሚበልጥ ቦክሳይት እንዳለ ተመርምሮ ታውቋል። ካንየን ሪሶርስስ የተባለ፥ አክሲዮኑ በአውስትራሊያ ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ በ2018 የፍለጋ ፈቃድ አገኘ፤ የማዕድን ማውጫውን ፈቃድ ያገኘው ግን በ2024 ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ድንጋዩ መኖሩን የተጠራጠረ የለም። ሰው የሚጠይቀው «ባቡሩስ? ወደቡስ?» እያለ ነበር።

ሻጮቹ «ተራራው የእኛ ነው» ይላሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 እንደ ተጻፈው ግን የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ኩባንያው በእጁ የሚይዘው ፈቃድ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የማዕድን አዋጅ ቁጥር 678 መሠረት የፍለጋ ፈቃድ መጀመሪያ የሚሰጠው ለሦስት ዓመት ነው፤ ሊታደስ ይችላል፥ ያልታደሰ እንደ ሆነ ግን ያበቃል። ስለዚህ አክሲዮን የገዛው ወጣት የተራራው ጌታ አይሆንም፤ ተራራውን ለመመርመር ጊዜ የተቈረጠለት ሰው ሸሪክ ይሆናል።

ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ማዕድን ፈላጊ ኩባንያ የሚሸጠው ዕቃ ስለሌለው ገቢ የለውም። ሆኖም መሰርሰሪያ ይከራያል፥ ለላቦራቶሪ ይከፍላል፥ ለሥራ አስኪያጁም ደመወዝ ይሰጣል። ይህ ገንዘብ የሚመጣው አዲስ አክሲዮን እየተሸጠ ነው። አንድ ድፎ ዳቦ ለአሥር ሰው ቢቈረስ ለሁሉም የሚበቃ ይደርሰዋል፤ ዳቦው ሳይጨምር በላተኛው መቶ ከሆነ ግን ቊራሹ ለአንድ ጉርሻም አይሆንም። እርግጥ ነው፥ አዲሱ ገንዘብ ማዕድኑን ቢያስገኝ ዳቦውም ያድጋል። ጕድጓዱ ባዶ የሆነ እንደ ሆነ ግን፥ ተጨማሪ ገንዘብ ያላዋጣው የፊተኛው ገዢ ማንም ሳይሰርቀው፥ ወረቀቱም በሣጥኑ እንዳለ፥ ድርሻው ይመነምናል። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ባለሀብት ነው።

ይህ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም፤ በአገራችን የታየ ነው። በወለጋ ቱሉ ካፒ ወርቅ መኖሩ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ኒዮታ ሚኒራልስ የተባለ ኩባንያ በለንደንና በአውስትራሊያ አክሲዮን እየሸጠ በዚያ ብዙ ቈፈረ፥ ብዙም መረመረ። በ2013 የወርቅ ዋጋ በዓለም ሲወድቅ ገንዘብ አጠረው፤ ከሥራው ሦስት አራተኛውን ኬፊ ለተባለ ኩባንያ ሸጠ፥ በ2014 ደግሞ የቀረውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ሲቈጠር ወርቁ ገና ለገበያ አልወጣም ነበር። በአፋር ዳናኪልም እንደዚሁ ነው። አላና ፖታሽ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ለማዳበሪያ የሚሆነውን ፖታሽ ሲፈልግ ቈይቶ፥ በ2015 አይሲኤል ለተባለው ለትልቁ የእስራኤል ኩባንያ ተሸጠ። ያ ትልቅ ኩባንያ እንኳ በ2016 «መሠረተ ልማቱ አልቀረበልኝም፥ የማይገባኝንም ግብር ተጠየቅሁ» ብሎ ሥራውን አቆመ። የቱሉ ካፒ ወርቅም የዳናኪል ፖታሽም እውነት ነበሩ። እውነት መሆናቸው ግን የፊተኞቹን ገዢዎች አላበለጸገም።

በሌላው ዓለም ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆኗል። በአውስትራሊያ ፖሲዶን የተባለ ትንሽ ኩባንያ በ1969 ኒኬል አገኘሁ ባለ ጊዜ፥ በመስከረም 80 ሳንቲም የነበረው አክሲዮኑ በሚቀጥለው ዓመት በየካቲት 280 ዶላር ደረሰ። ኒኬሉ ነበረ፤ ጥራቱ ግን እንደ ተወራው አልሆነም፥ ዋጋውም ተንኰታኰተ። ብሬ ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ደግሞ በኢንዶኔዥያ ደን ውስጥ ታላቅ የወርቅ ተራራ አገኘሁ ብሎ ዓለምን አነሣሣ፤ በ1997 ሌሎች ሰዎች ሲመረምሩት ወርቁ ከውጭ ተወስዶ በናሙናው ላይ የተነሰነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንደኛው ስፍራ እውነት ነበረ፥ በሁለተኛው ሐሰት ነበረ። ባለማጣራት የገዛው ሰው ግን በሁለቱም ስፍራ ከሰረ። ስለዚህ «ሰዎቹ ውሸታሞች አይደሉም» ማለት ብቻውን በቂ መልስ አይደለም።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጦ እንዲህ ያለ አክሲዮን ሊገዛ አስቦ ሊያማክረኝ መጣ።

«ጋሼ፥ ገንዘብ ባንክ ቢቀመጥ ዋጋው ይረክሳል» አለኝ። «በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብሩ የሆነውን አይተዋል። ሀብታም የሆነውም ሁሉ ቀድሞ የገባ ነው።»

ልጁ የተናገረው ከንቱ አይደለም፤ የብር ዋጋ መውረዱ እውነት ነው። ነገር ግን ካፊያ ሸሽቶ ወደ ወንዝ መግባት ብልኅነት አይደለም። ቀድመው ገብተው የከበሩትን እናያቸዋለን፥ እነርሱ ራሳቸው ይናገራሉና፤ ቀድመው ገብተው የከሰሩት ግን ስለሚያፍሩ ዝም ይላሉ።

«የፈቃዱን ወረቀት አይተሃል? የተመረመረ ሒሳባቸውንስ? ገንዘቡ የሚገባው በማን ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አጎቴም ገብተዋል፥ ጋሼ» አለኝ።

«አጎትህ ያዩትን ጠይቀህ ነው የምትገባው ወይስ አጎትህን አይተህ?» ብለው ዝም አለ። በሬዎቹን መሸጥና አለመሸጥ የራሱ ፈንታ ነው፤ ጥያቄው ግን የሁላችሁም ነው።

የነገሩ ሥር ያለው በዚህ ላይ ነው። እኛ በእቁብና በእድር ያደግን ሕዝብ ነን። በእቁብ ዳኛውን እናውቀዋለን፥ ጸሐፊውን እናውቀዋለን፥ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰውም ዋስ ይጠራል። ይህ መተማመን አባቶቻችን ያቈዩልን ሀብት ነው። የአክሲዮን ነጋዴ ግን ይህን መተማመን በዘመድ በኩል ገብቶ ይበላዋል፤ ዋስ ሳይጠራ ዕጣውን ይወስዳል። ገንዘቡ ቢጠፋ ሠርቶ መተካት ይቻል ይሆናል። አጎትና የወንድም ልጅ ከተካሰሱ በኋላ ግን ማን ማንን አምኖ በማኅበር ይሠራል?

በሌላ በኩል «አክሲዮን ሁሉ ማታለያ ነው፥ ገንዘባችሁን በሬ ግዙበት» ከሚሉት ሽማግሌዎች ጋር አልስማማም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ፋብሪካና ባንክ በአንድ ሰው ኪስ አይቆምም። የንግድ ሕግ በአገራችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ በ1957 ዓ.ም. ገደማም በብሔራዊ ባንክ ሥር በአዲስ አበባ አክሲዮን መገበያየት ተጀምሮ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. ድርጅቶች ሲወረሱ ቀረ። ሐበሻ ሲሚንቶ በ2000 ዓ.ም. ተመሥርቶ፥ ከ16 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች አክሲዮን ገዝተውበት፥ በሆለታ ያለው ፋብሪካው የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው! የሲሚንቶ ድንጋይ በቅርብ የሚገኝ፥ ገዢውም በአዲስ አበባ ደጃፍ ያለ ሲሆን ይህን ያህል ከጠየቀ፥ ገና ያልተመረመረ የቦክሳይት ተራራ ስንት ዓመት ይጠይቅ ይሆን? «በስድስት ወር እጥፍ» የሚላችሁን ሰው በዚህ መዝኑት።

ዛሬ ደግሞ ሕጉ ዋስ አዘጋጅቶላችኋል። በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1248 የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቷል። ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ኩባንያ የደንበኛ ሳቢ መግለጫ የሚባለውን ጽሑፍ አዘጋጅቶ በባለሥልጣኑ ዘንድ ማስመዝገብ አለበት። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ መግለጫውን አውጥቶ ነው፤ የወደደ አንብቦ ገዛ፥ ያልወደደም አንብቦ ተወ። መግለጫ ትርፍን አያረጋግጥም፤ ነገር ግን ሻጩ የተናገረውን በጽሑፍ ያስረዋል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ገቢና ወጪን በሁለት ዓምድ እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ባዶ የሆነ ገጽ ሲያዩ አይቀበሉም ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ወጣቶች ሆይ፥ ማንበብ የተማራችሁት ለፈተና ብቻ አይደለም። የማዕድን አክሲዮን ሲቀርብላችሁ መግለጫውን ጠይቁ፤ ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ፥ ድንጋዩን የመረመረው ከኩባንያው ውጭ ያለ ሰው መሆን አለመሆኑን፥ መንገዱና ኤሌክትሪኩ ከየት እንደሚመጣ፥ ወደፊት ስንት አዲስ አክሲዮን እንደሚታተም ጠይቁ። ቢጠፋ የቤታችሁን ቀለብ የሚያጐድል ገንዘብ በዚህ ላይ አታውሉ። ከገዛችሁም በኋላ በጠቅላላ ጉባኤው ተገኙ፥ ሒሳቡን አንብቡ፥ ድምፃችሁን ስጡ፤ ባለቤትነት ማለት ይህ ነውና። ሻጩ በጥያቄያችሁ የተቈጣ እንደ ሆነ ግን አትከራከሩት፤ መልሱን ሰጥቷችኋልና ገንዘባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።