ለሽሪምፕ ውሃ ማዘጋጀት፤ ከአንዲት ልጅ ጥያቄ የተነሣ



ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤተ ሰቡን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሚዛን ተፈሪ በመጣ ጊዜ ወደ እኔም ቤት ጎራ ብሎ ነበር። ወደ ሚዛን የሚመጣ እንግዳ ስኳር ያመጣል እንጂ ቡና አያመጣም፤ ይህ ልጅ ግን ዐሥራ ሁለት ቀያይ ሽሪምፖች በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አድርጎ ይዞልኝ መጣ። «መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ማሳያ ይሆንዎታል ብዬ ነው» አለኝ። ሽሪምፕ ማለት ከሸርጣን ወገን የሆነች፣ የምትራመድባቸው ዐሥር እግሮች ያሏት ፍጥረት ናት። ይህችኛይቱ ዓይነት የትውልድ አገሯ ምሥራቅ እስያ ሲሆን የምትኖረውም ጨው በሌለው ውሃ ነው፤ ርዝመቷ ከአንድ የጣት አንጓ እምብዛም አይበልጥም።

እኔም በደስታ ተቻኩዬ ሃያ ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ አዘጋጀሁ፤ ከቧንቧ ውሃ ሞላሁበትና በዚያችው ሰዓት ጨመርኋቸው። ሲነጋ ሰባቱን በጎናቸው ተኝተው አገኘናቸው፤ የቀሩት አምስቱም ሳምንቱን ሳይጨርሱ አለቁ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጄ በገንዳው ፊት ቆማ፣ «አባዬ፣ ይህ እኛ የምንጠጣው ውሃ አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት ያህል የተፈጥሮ ሳይንስ ሳስተምር የኖርሁ ሰው በቶሎ የምመልስላት አጣሁ። የዚህ ወር ጽሑፌ ዘግይቶ የተሰጣት መልስ ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት ሰባቱን የገደላቸው ክሎር ነው። የከተማ ውሃ ከበሽታ ጀርም እንዲጠራ ክሎር ይጨመርበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ውሃው ከተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በአንድ ሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎር እንዲቀርበት ይመክራል። ይህ መጠን ለሰው ጉዳት የለውም። ውሃውን እንጠጣዋለን እንጂ አንተነፍሰውም፤ ክሎሩም ከምራቅና ከምግብ ጋራ ሲገናኝ ኃይሉ ያልቃል። ሽሪምፕ ግን እንደ ዓሣ በስንጥቧ የምትተነፍሰው ያንኑ ውሃ ስለ ሆነ፣ ክሎሩ እጅግ ስስ የሆነውን የመተንፈሻ አካሏን ያቃጥለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ንጹሕ ዕቃ ቀድቶ፣ በስስ ጨርቅ ብቻ ሸፍኖ፣ እስከ ሁለት ቀን ማቆየትና አልፎ አልፎ ማማሰል ነው። ክሎሩ በንኖ ይጠፋል። ማፍላትም ያስወጣዋል፤ ነገር ግን ከክሎሩ ጋራ አየሩም ስለሚወጣ፣ የፈላው ውሃ ከበረደ በኋላ ከዕቃ ወደ ዕቃ ደጋግሞ ማንቆርቆር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ይህን ለጎረቤቶቼ ባወራሁ ጊዜ አንዲት እናት፣ «እንግዲያው ውሃ አጋር ስንጨምር የኖርነው ልጆቻችንን እየጎዳን ነው?» ብለው ደነገጡ። አይደለም፣ እትዬ! ክሎር የኮሌራንና የታይፎይድን ጀርም የሚገድል ነው፤ በታዘዘው መጠን ለመጠጥ ውሃ መጨመሩ ይቀጥል። የሽሪምፕ ውሃና የልጆች ውሃ በሁለት ዕቃ ይቀዳሉ፤ ከሽሪምፑ ላይ የምናስወግደውን በልጆቹ ላይ አናስቀርም።

የቀሩት አምስቱ የሞቱት በሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸኛው ከባድ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ከሰውነቱ አሞንያ የሚባል መርዝ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይኸንኑ ያወጣል። በወንዝ ውስጥ ይህን አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀነሰው ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። እነዚህን ሠራተኞች በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ለይቶ ያሳየው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለ ሩሲያዊ ሊቅ ነው። እርሱ ሥራው በሁለት ወገን የተከፈለ መሆኑን አስተማረ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚፈጽም ባክቴሪያ መኖሩ ታወቀ። አዲስ በታጠበ መስተዋት ላይ ግን ከእነርሱ አንድም የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ የእኔ ገንዳ ጥርት ያለ መስሎ በውስጡ መርዝ ይጠራቀም ነበር።

ውሃው መብሰል አለበት። ገንዳው አሸዋና ጠጠር ከተነጠፈበት፣ አንድ ሁለት የውሃ ተክል ከተተከለበትና ክሎሩ በወጣለት ውሃ ከተሞላ በኋላ፣ በየሁለት ቀኑ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ምግብ ይጣልበታል። የምትበሰብሰዋ ቅንጣት ለባክቴሪያዎቹ ቀለባቸው ናት። በዚህ ዓይነት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ውሃው በመጀመሪያ ይደፈርሳል፤ ኋላ ራሱ ይጠራል፤ ከዚያም በመስተዋቱ ላይ አረንጓዴ ሽበት መታየት ይጀምራል። ይህን ሽበት የምትፍቁ ትኖራላችሁ፤ ተዉት፣ ለሽሪምፕ ዋና ምግቧ ነው። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ከቀደመው ቡኮ እርሾ እንደሚያስቀሩ ሁሉ፣ ቀድሞ ገንዳ ያበሰለ ወዳጅ ያለው ሰው ከዚያ አንድ እፍኝ ጠጠር ቢያመጣ የሳምንታቱ ቁጥር ያጥራል።

ከቴፒ የጻፉልን አንድ አንባቢ፣ ዝናብ በማይጠፋበት አገራችን የጣራ ውሃ ይበቃ እንደ ሆነ ጠይቀዋል። ይበቃል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የቆርቆሮ ጣራ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክም ለሽሪምፕ መርዝ ስለ ሆነ፣ ከአዲስ ቆርቆሮ የወረደውን ወይም ከደረቅ ሰሞን በኋላ መጀመሪያ የወረደውን ውሃ አትቅዱ። ሁለተኛ፣ የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የምንጮቻችንም ውሃ ቢሆን፣ ብርቱ ዝናብ ያጠበው ቀይ አፈራችን አሲድነት ስላለው፣ ልል ነው። ሽሪምፕ ደግሞ ስታድግ አሮጌ ቅርፊቷን ጥላ አዲስ የምታወጣ በመሆኗ ካልሲየም ካጣች በዚሁ ሰዓት ትሞታለች። የዕንቁላል ቅርፊት አፍልቶ፣ አድርቆና ወቅጦ፣ አንድ ማንኪያ ያህሉን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሮ በገንዳው ጥግ ማኖር ነው፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። ታዲያ የወለቀውን ቅርፊት ሬሳ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ልጄ በባዶ ቅርፊት ላይ አልቅሳ ስትጨርስ፣ ባለቤቲቱ ከጠጠር ሥር ወጥታ መሄድ ጀመረች።

የወንዝ ውሃስ? ይህ ለእኛ አገር ዋናው ጥያቄ ነው። ቀንድ አውጣ ባለበት በዝግታ በሚሄድ ውሃ ቢልሃርዚያ ሊኖር ይችላልና፣ ልጆች ውሃና ተክል ለመልቀም ወንዝ እንዲገቡ አትፍቀዱ፤ ቀንድ አውጣም ወደ ቤት አታስገቡ። የተቀዳው ውሃ ቀንድ አውጣ ሳይኖርበት ሁለት ቀን ሲቆይ፣ ወደ ሰው ቆዳ የሚገባው የበሽታው ትል ይሞታል፤ ጠጠሩን ግን አፍሉት። ሌላው የቡና ነገር ነው። እሸት ቡና በሚፈለፈልበትና በሚታጠብበት ወራት፣ ከማጠቢያው የሚወርደው ውሃ ስኳርና ልሀጭ የተመላ ነው። ባክቴሪያዎች ያንን ስኳር ሲበሉ በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። በጅማ አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች፣ ከማጠቢያዎች በታች ባለው ወንዝ ንጹሕ ውሃ የሚወዱ ጥቃቅን ፍጥረታት ጠፍተው መገኘታቸውን አሳይተዋል። የታጠበ ቡና ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያው ገቢ የልጆቻችን ደብተር ይገዛል። ሆኖም የማጠቢያው ፍሳሽ ወንዝ ከመድረሱ በፊት በጉድጓድ እንዲጠራቀምና እንዲጣራ መጠየቅ የወንዙ ጎረቤት ሁሉ መብት ይመስለኛል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝን አሁን ልንገራችሁ። ለሁለተኛው ሙከራ ከተማሪዎቼ ጋራ በትምህርት ቤት አንድ ማሰሮ ውሃ አሰናድተን፣ ለፍተሻ ሁለት ሽሪምፖች ጨምረንበት ነበር። ውሃው ሁለት ቀን ቆይቷል፤ ጠጠሩም በስሏል፤ ነገር ግን በግማሽ ቀን ውስጥ ሁለቱም ሞቱ። ምክንያቱን ስንፈልግ ውሃውን ያመጣው ልጅ ባልዲ ሰማያዊ ዝቃጭ ይዞ ተገኘ። በአገራችን የቡና ፍሬ አድርቅ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ከሚረጩት መድኃኒቶች አንዱ ኮፐር፣ ይኸውም መዳብ ያለበት ነው፤ የልጁ አባት ይህንኑ የሚበጠብጡት በዚያ ባልዲ ኖሯል። የሽሪምፕ ደም በብረት ፈንታ መዳብ ያለበት ነው፤ ሆኖም ትንሽ ከልክ ያለፈ መዳብ በውሃው ሲገኝ ፈጽሞ አትችለውም። «በዚህ ባልዲ ሌላ ምን ትቀዱበታላችሁ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ልጁ «የምንጠጣውን» አለኝ።

የሽሪምፑን ነገር ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ማታውኑ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። አባትየው ትሑት ሰው ናቸው፤ «ደጋግመን እናጥበዋለን እኮ መምህር» አሉኝ። የተደረገውንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ባልዲውን ከማድ ቤት አውጥተው በአፉ ዙሪያ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት፤ ከዚያም ወዲያ ከመድኃኒቱ ጋራ በጓሮ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ለመጠጥ ቢጫ ጄሪካን ገዙ።

የቀረውን ባጭሩ ልጨርስ። ለወባ መከላከያ ቤት በሚረጭበት ቀን ገንዳውን ከቤት አውጡ፤ ትንኝን የሚገድለው መድኃኒት ሽሪምፕንም ይገድላል። አዲስ አጎበርም በገንዳው አጠገብ አይዘርጋ፤ በወንዝም አይታጠብ። ባሕር ማዶ ለውሃው ማሞቂያ ይገዛሉ፤ የእኛ አየር ግን ከሃያ እስከ ሃያ ስድስት ዲግሪ የሆነውን ሙቀት ስለሚሰጠን ከፀሐይ መከለል ብቻ ይበቃናል። የቡና ቅጠል ለምግብ ጣሉ የሚል ምክር ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ካፌይን ተክሉ ተባይን የሚከላከልበት መርዝ ነው፤ ሽሪምፕም የተባዮች ሩቅ ዘመድ ናት። የተቀቀለ የጎመን ቅጠል፣ የጥፍር ያህል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል።

እነዚህን የእስያ ሽሪምፖች ወደ ወንዝ መልቀቅ ፈጽሞ አይገባም። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ በጣና ሐይቅ ያደረገውን አይተናል። ደግሞም የዓባይ ተፋሰስ የራሱ ሽሪምፕ አለው። ካሪዲና ኒሎቲካ የምትባለው፣ ስሟን ከዓባይ ያገኘችው ትንሽ ሽሪምፕ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ እጅግ ብዙ ስትሆን ለዓሦቹ ዋና ቀለብ ናት። ከሚዛን ወጣ ብሎ የሚፈልቀው ውሃችንም በባሮና በአኮቦ አድርጎ፣ በሶባት በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል።

በሰኔ ያ ተማሪዬ ሌሎች ዘጠኝ ሽሪምፖች ላከልኝ። በዚህ ጊዜ ገንዳው ሰባት ሳምንት በስሎ ነበር። ከፋርማሲ በገዛሁት አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ የገንዳውን ውሃ ጠብታ በጠብታ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ ጠርሙሳቸው አንጠባጠብሁ፤ ልጄም ሳትነቃነቅ ትጠብቅ ነበር። አንድም አልሞተም። በነሐሴ አንዲቱ በሆዷ ሥር ዕንቁላል ታቅፋ ታየች፤ ወሩ ሲደርስ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ፣ እናታቸውን የሚመስሉ ልጆች በሽበቱ ላይ ሲሄዱ አየን። ልጄ እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ቆጥራ ጠፋባት። አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ለገንዳው የሚለወጠውን ሁለት ሊትር ውሃ ቀድታ በመስኮቱ ሥር ታኖራለች፤ በባልዲውም ላይ የተቀዳበትን ቀን በጠመኔ ትጽፍበታለች።