ባነሩ ተሰቀለ፣ ዕዳው ግን አልተከፈለም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሃቦቻቸው ላይ ይሁን።



ጀናዛ ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጀናዛው ሳይሆን ከቀብር በኋላ ስለሆነው ነው።

ሟቹ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» ነበር የምንላቸው። ከ1990 እስከ 1992 በነበረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ቆስለው ከተመለሱት አንዱ ናቸው። አንድ ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ ወንበር ላይ ሆነው ነበር የሚሰግዱት። ፈጅር ላይ ግን ከሁላችንም ቀድመው መስጂድ የሚገኙት እሳቸው ነበሩ።

ሲሞቱ የሰፈሩ ወጣት ተነሳ። ማሻአላህ፣ በአንድ ቀን ገንዘብ ተሰበሰበ፤ እኔም አዋጥቻለሁ። በወታደር ልብስ የተነሱት ፎቶ በትልቅ ባነር ታትሞ አስፋልቱ ዳር ተሰቀለ። ፎቷቸው ያለበት ቲሸርት ተሠራ። ነሺዳ የገባበት ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ተለቀቀ፤ ብዙ ሰውም «ጀግናችን» እያለ ጻፈበት።

በሳምንቱ ከዐስር ሰላት በኋላ አንድ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ሳሙና፤ ስሙ የሃምሳ አለቃ ነው። «ኡስታዝ፣ ሐዘን ቤት ገብቼ መጠየቅ አፈርኩ። ለማን ልንገር?» አለኝ።

ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው ዱቤውን ያውቃሉ። ከዱቤው የባሰም ነበር። የሟች ወንድም የቤቱን ካርታ «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ወስዶታል። የጡረታው ጉዳይ ገና አልተጀመረም፤ የትኛው ቢሮ ምን ወረቀት እንደሚጠይቅ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። ታናሿ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እዚያ ቤት በር ላይ ስትቆሙ ደግሞ ባነሩ ፊት ለፊት ይታያል።

ወላሂ አፈርኩ። ያዋጣሁት ገንዘብ ባነሩ ላይ ነበር።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ሟች ወታደርን የሚያከብር ሰው ሟቹ ትቶት የሄደውን ሸክም ይሸከማል። ዕዳውን፣ ሚስቱን፣ የልጆቹን ሐቅ። ከዚህ በፊት የሚመጣ ባነር የሟቹ ክብር አይደለም፤ የእኛ መታያ ነው።

«ኡስታዝ፣ ጊዜው ተቀይሯል፤ ያኔ ካሜራ አልነበረም» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ካሜራ አልነበረም። የሞተ ወታደር ግን ነበር። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ በኡሑድ ብቻ ሰባ የሚሆኑ ሶሃቦች ተገድለዋል። በዚያች ትንሽ ከተማ የስንት ቤት አባወራ በአንድ ቀን እንደጎደለ አስቡት። ታዲያ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚያ ቤቶች ምን አደረጉ? ሦስቱን ብቻ እንይ።

አንደኛው ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር ኢብኑ ሐራም ነው፤ የጃቢር አባት። ኡሑድ ላይ ተገደለ፤ ዕዳና ስድስት ሴት ልጆች ትቶ ሄደ። አበዳሪዎቹ ከዕዳው ላይ ምንም አንቀንስም አሉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ተምሩ ወደተከመረበት ቦታ ሄደው ተቀመጡ፤ ዕዳው ለባለመብቶቹ እየተሰፈረ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ነበሩ። አላህም በረካ አደረገበትና ዕዳው ተከፍሎ ተምሩ ተረፈ። ጃቢርም ከዚያ በኋላ ሲያገባ ልጃገረድ ትቶ አግብታ የምታውቅ ሴት መረጠ፤ ለምን ሲባል እህቶቹን የምታሳድግለት ፈልጎ ነው። አባቱን ያከበረው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ነው። እሱም ኡሑድ ላይ ተገደለ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። አጎታቸው ንብረቱን በሙሉ ወስዶባቸዋል፤ ያለ ገንዘብ ደግሞ ማን ያገባቸዋል ብላ አቤት አለች። የሚራስ አንቀጽ ወረደ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥ፣ የቀረውን እንዲወስድ አዘዙት። ንብረቱ 24 እጅ ቢሆን 16ቱ የልጆቹ፣ 3ቱ የእናትየው፣ 5ቱ የአጎትየው ማለት ነው። አስተውሉ፦ የሸሂድ ልጆች ስለሆኑ ግጥም አልተገጠመላቸውም። ሐቃቸው ከአጎታቸው እጅ ወጥቶ ተሰጣቸው።

ሦስተኛው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ ነው፤ ወደ እኛው ወደ ሐበሻ ምድር ተሰዶ የኖረው ጀዕፈር። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ወደቀ። መርዶው ሲሰማ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ለጀዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠሩ አዘዙ። ከዚያም ልጆቹን አስመጡ፣ ፀጉር ቆራጭ ጠርተው አስላጯቸው፣ ዱዓ አደረጉላቸው። እናታቸው አስማእ የቲምነታቸውን ስታነሳ፣ በዱንያም በአኼራም ወሊያቸው እኔ ሆኜ ሳለ ድህነትን ትፈሪላቸዋለሽ ወይ የሚል መልስ ሰጧት። የልጆቹን ፀጉር እስከማስቆረጥ ድረስ ወረዱ! ከእኛ መካከል የሃምሳ አለቃን ልጅ «ደብተር አለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ማን ነው?

እዚህ ላይ ስለ ድግሱም ልናገር። የጀዕፈር ቤት ምግብ ተሠርቶ የተወሰደለት ነው። እኛ ገልብጠነው፣ ሐዘንተኛዋ ሴት ተበድራ ታርዳለች፣ እኛ በልተን እንሄዳለን። በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአርባኛው ቀን ሰደቃ ላይ ሰዎች እንደሚከራከሩ አውቃለሁ፤ ዛሬ እዚያ ክርክር ውስጥ አልገባም። የሚፈቅደውም የማይፈቅደውም የሚስማማበትን ብቻ ልንገራችሁ፦ የየቲም ገንዘብ ለድግስ አይነካም። ሱረቱ ኒሳእ የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበላ ሆዱ ውስጥ እሳት እንደሚከት ይነግረናል። ልጆቹ ገና ሳይካፈሉ ከቤቱ የተገዛ በሬ ከማን ገንዘብ እንደተገዛ ሳትጠይቁ አትጉረሱ።

ዕዳን ቀላል ነገር የሚያደርግ ካለ ደግሞ ይህን ያስታውስ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሁለት ዲናር ዕዳ ያለበት ሰው ጀናዛ ቀርቦላቸው፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን በራሱ ላይ እስኪወስድ ድረስ አልሰገዱበትም። በኋላም እየደጋገሙ «ሁለቱ ዲናሮች ምን ሆኑ?» በሚል ጠይቀውታል፤ ከፈልኩ ሲላቸው የሟቹ ቆዳ አሁን እንደቀዘቀዘለት ነገሩት። ለሸሂድ ሁሉም ወንጀል ሲማርለት ዕዳ ግን እንደሚቀር በሙስሊም ዘገባ መጥቷል። ጓደኛህ ዕዳው ሳይከፈል አንተ ፎቶውን ደረትህ ላይ ለብሰህ ብትዞር ምን ይጠቅመዋል?

ሁለት ዓይነት ሰዎች ደግሞ በዚህ መሐል ነገሩን ያበላሹታል።

የመጀመሪያዎቹ ኮሜንት ላይ የሚጨቃጨቁት ናቸው። አንዱ «ሸሂድ ነው» ይላል፣ ሌላው «አይደለም፣ የመንግሥት ወታደር ነው፣ ምን አገባን» ይላል። ወንድሜ፣ ይህን ፍርድ ማን ሰጠህ? ከኸይበር መልስ አንድ ሰው ሲገደል ሰዎች ጀነት ተገባው ብለው ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከምርኮው የሰረቀው ልብስ እሳት ሆኖበት እንደሚነድ ተናገሩ። ኢማሙ ቡኻሪም እገሌ ሸሂድ ነው እንዳይባል ለብቻው ርዕስ አበጅተውለታል። ውስጡን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ የምናውቀው ከጎናችን ይሰግድ የነበረ ሙስሊም መሞቱን ነው። ሐቁ ደግሞ ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት ሲቀበር አያልቅም።

ሁለተኛዎቹ ሟቹን ለራሳቸው ወገን መቀስቀሻ የሚያደርጉት ናቸው። በሟች ፎቶ ላይ ሰውየው በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ቃል ይጽፉበታል፤ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ ያስነሱበታል። ሃምሳ አለቃ ስለ ጦርነት ሲጠየቁ ዝም ይሉ ነበር። በሞታቸው እንዲጮሁ ያደረግናቸው እኛ ነን። የሞተ ሰው እጁን አውጥቶ «ይሄ የእኔ ቃል አይደለም» አይልም።

«ታዲያ ትዝታቸው ይጥፋ?» ትሉኝ ይሆናል። ማን ይጥፋ አለ? በጎ ሥራቸውን አውሩ፤ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ ታሪካቸውን ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዓመታት በኋላ ወደ ኡሑድ ሟቾች ወጥተው ዱዓ አድርገውላቸዋል። መርሳት ሱና አይደለም። ግን ቅደም ተከተል አለው። አንድ ወታደር ሲሞት ሰብሰብ በሉና ይህን አድርጉ፦

1. ከሁሉ በፊት ዕዳውን ጠይቁ። ሱቅ፣ እቁብ፣ የጓደኛ ብድር፣ አማና የተቀመጠ ዕቃ። ያልከፈለው የሚስቱ መህርም ዕዳ ነው። የቀብር ወጪ፣ ዕዳ፣ ከሲሶ ያልበለጠ ወሲያ፣ ከዚያ በኋላ ነው ውርስ።

2. የአላህን ሐቅ ጠይቁ። ወታደር ግንባር ላይ ያፈጠረው ረመዳን ይኖራል። ቀዷ አውጥቶት እንደሆነ ሚስቱን ጠይቁ፤ ካላወጣ ቤተሰቡ ይጹምለት ወይስ ሚስኪን ያብላለት የሚለው ዑለማዎች የተለያዩበት ስለሆነ ኢማማችሁን አማክሩ።

3. ሚስቱን ይዛችሁ ወደ ጡረታ ቢሮ ሂዱ። በሕጉ መሠረት የሟች ባለቤት የጡረታውን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ያገኛል። ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች እንዲህ ያለው የተተኪዎች አበል ሕጉ ለሰየማቸው ሰዎች የሚሰጥ እንጂ የሚከፋፈል ውርስ አይደለም ይላሉ። ስለዚህ ወንድም እጁን አያስገባበት። አማርኛ ማንበብ የሚከብዳቸው እናት ወረፋ ላይ ብቻቸውን አይቁሙ፤ አንድ የኮሌጅ ተማሪ አብሯቸው ይሂድ።

4. ውርሱ ሳይቆይ ይከፈል። ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይቻላል፤ በ1992 በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 በፌዴራል ደረጃ የተጠናከሩት ለዚህ ጭምር ነው። ሴት ልጆችን «ነገ ያገባሉ» እያሉ ማዘግየት የሰዕድን ልጆች አጎት መሆን ነው።

5. ከዚህ የተረፈ ገንዘብ ካለ ሰደቀቱል ጃሪያ አድርጉለት። የመስጂድ ውዱእ ማድረጊያ ቧንቧ፣ ለመድረሳ ልጆች ቁርኣን፣ በወንበር ለሚሰግዱ አረጋውያን ወንበር። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ ለሞተች እናቱ የአትክልት ቦታውን ሰደቃ አድርጓል። ቀብር ላይ ግንብ አትገንቡ፤ ተከልክሏል። ያ እብነበረድ የስንት የቲም ትምህርት ነው?

የሃምሳ አለቃን ነገር ልጨርስላችሁ። ባለሱቁን ይዤ ባነሩን ካሠሩት ወጣቶች መካከል ከሦስቱ ጋር ተቀመጥን። አልተከራከሩም፤ ደነገጡ እንጂ። «ማን ነገረን?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልነግራቸው የሚገባው እኔ ነበርኩ። ዱቤው በዚያው ሳምንት ተዘጋ። አንደኛው ልጅ ከባለቤታቸው ጋር ሦስት ጊዜ ጡረታ ቢሮ ተመላለሰ። የቤቱ ካርታ ግን እስከዛሬ አጎትየው ጋ ነው። ሽማግሌ ልከናል፤ እንቢ ካለ ወደ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፤ ኢንሻአላህ።

ባነሩን ዝናብ ቀደደው። ማንም አላስተዋለም።

ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት በሰፈራችሁ የሞተ አንድ ወታደር አስቡ። ቤቱ የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዛሬ ከመግሪብ በፊት በሩን አንኳኩና «ምን ዕዳ አለ?» በሉ።

አላህ ለሃምሳ አለቃና ለሞቱ ሙስሊሞች ሁሉ ምሕረት ያድርግ፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ልጆቻቸውን ከሰው ደጅ ይጠብቅ፣ እኛንም ከሪያእ ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።