ስብሰባ ላይ ያለው የህዝብ ግንኙነት

«ስብሰባ ላይ ነኝ፣ በኋላ ደውልልኝ» ያልተባለ የኳስ ጋዜጠኛ ካለ እጁን ያውጣ። አሰልጣኝ ተሰናበተ ሲባል ለክለቡ የህዝብ ግንኙነት ትደውላለህ፤ ስብሰባ ነው። ተጫዋቾች ልምምድ አቆሙ ሲባል ትደውላለህ፤ አሁንም ስብሰባ ነው። ማታ ላይ ስልኩ ይዘጋል። በማግስቱ በክለቡ የፌስቡክ ገጽ ላይ «ክለባችን ለቀጣዩ ጨዋታ ዝግጅቱን በጥሩ ሁኔታ እያደረገ ይገኛል» የሚል ጽሁፍ ከሦስት ፎቶ ጋር ብቅ ይላል። ደጋፊው ከስሩ ገብቶ የልቡን ይናገራል። ምን ምን እንደሚናገር እዚህ አይጻፍም።

እኛ ጋዜጠኞች ደግሞ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን «የህዝብ ግንኙነት ተብዬ!» ብለን እንገላገላለን። እኔም ደጋግሜ ብያለሁ። ዛሬ ግን ለሰውየው ልከራከርለት ነው። ለዚህ ደግሞ ከካምቦሎጆና ከትልልቆቹ ክለቦች ፈቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አባይን ተሻግረን፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፈን ፍኖተ ሰላምና ቡሬ እንግባ። የዚህ ስራ ችግር ያለ ምንም ሽፋን የሚታየው እንዲህ ባሉ ከተሞች ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ ያለ ክለብ ቢያንስ ካሜራ መጥቶለታል። ሱፐርስፖርት በ2013 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ተዋውሎ ሊጉን ማስተላለፍ ሲጀምር አሰልጣኙ ወደደም ጠላም ከጨዋታ በኋላ ማይክ ፊት መቆም ለመደ። ከዚያ በታች ያለው ኳስ ግን ካሜራም የረባ የበር ገቢም የለውም። የከተማ ቡድን የሚኖረው በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ፕሬዚዳንቱ አብዛኛውን ጊዜ ከንቲባው ወይም ምክትላቸው፣ ቦርዱ ደግሞ የጽህፈት ቤት ኃላፊዎች ናቸው። የህዝብ ግንኙነቱስ? ወይ የለም፣ ወይ ከኮሙኒኬሽን ጽህፈት ቤት የተዋሱት ነው። ጠዋት ስለ ማዳበሪያ ስርጭት ዜና ይሰራል፤ ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወምበርማ የበቆሎ አገር ናቸውና ይሄ እንደ ቀላል የሚታይ ዜና አይደለም። ከሰዓት ከዞን የመጣ እንግዳ ፎቶ ያነሳል። አመሻሽ ላይ ሜዳ ወርዶ አሰላለፍ ይለጥፋል። ለዚህኛው ስራው ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኝ ካለ እድለኛ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሰው ነው ከአዲስ አበባ ደውለን «ተጫዋቾቹ ሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈላቸውም የሚባለው እውነት ነው ወይ?» የምንለው። እውነት ከሆነ ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ልጆቹ እኮ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ሜዳ ሲወርድ ከበው «ጋሼ፣ የኛ ነገር ምን ደረሰ?» ይሉታል። ነገር ግን የልጆቹን ደመወዝ ያዘገየው አስተዳደር የእሱንም ደመወዝ የሚከፍለው ነው። የስራ አፈጻጸሙን ነጥብ የሚሞላለትም ያው ነው። «አዎ» ቢል አለቃውን ከሰሰ፤ «አይ» ቢል ማታ ልጆቹን በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ስለዚህ ስብሰባ ይገባል። ብዙዎቻችን ስንፍና የምንለው ነገር፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሰውየው ለራሱ ያበጃት መውጫ ናት።

ዝምታ በኛ አልተጀመረም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በልጃቸው በጄሰን ላይ በተሰራ ፕሮግራም ቢቢሲን ተቀይመው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 አላናግርም ብለዋል። ሰባት ዓመት! የማንቸስተር ደጋፊ ግን ምን ቀረበት? ሌላ ቴሌቪዥን አለ፣ ሌላ ጋዜጣ አለ፣ የክለቡ የራሱ ጣቢያ አለ። ፍኖተ ሰላም ላይ ያ አንድ ሰው ዝም ሲል ሁለተኛ የሚደወልለት የለም። የሚቀረው አሉባልታ ነው።

ይሄ እንዴት እንደሚሆን በ2015 ክረምትና ከዚያ ወዲህ አይተነዋል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ከሆስፒታሉ የተገኘው መረጃ ይናገር ነበር። በዚያ ሰሞን ስለ ኳስ መጠየቅ ራሱ ነውር ይመስል ነበር። ቢሆንም አዲስ አበባ ያለው የጎጃም ልጅ መስመር ሲገኝለት ስለ እናቱ፣ ስለ ወንድሞቹ ጠይቆ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቡድኑስ አለ?» ይል ነበር። ይህን ጥያቄ በደብዳቤና በማህተም የሚመልስለት አልነበረም። አንዱ «ፈርሷል» ይላል፣ ሌላው «ልጆቹ ተበትነዋል» ይላል፣ ሦስተኛው «ውሸት ነው፣ ትናንት ሲሮጡ አይቻለሁ» ይላል። ያ የኮሙኒኬሽን ሰራተኛ ደግሞ በዚያ ጊዜ ቢናገር በአንዱ ወገን፣ ዝም ቢል በሌላው የሚጠረጠር ሰው ነበር። ስለ ልምምድ ሰዓት መናገር እንኳ የት ቦታ ስንት ወጣት እንደሚሰበሰብ መናገር ነው። በዚህ ላይ ምን ብለን እንፈርድበታለን?

የሚገርመው፣ በዚሁ መንገድ ላይ ከ80 ዓመት በፊት አገር ያንቀሳቀሰ የህዝብ ግንኙነት ስራ ተሰርቷል። በየካቲት 1933 ዓ.ም. በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በጎጃም በኩል ሲገባ ከ2 ሺህ ሰው ብዙም አይበልጥም ነበር። ቡሬ ላይ የመሸገው የኮሎኔል ናታሌ ጦር ደግሞ በቁጥር እጅግ ይበልጠዋል። ከጌዴዎን ጦር ጋር ግን ጆርጅ ስቲር የሚባል ሰው ነበር። ስቲር ጋዜጠኛ ነው፤ የጣሊያንን ወረራ ለ«ታይምስ» ጋዜጣ የዘገበ፣ በኋላም የስፔኗን የጌርኒካን ድብደባ ለዓለም ያሰማ። ከጃንሆይ ጋር ከመቀራረቡ የተነሳ የልጁ ክርስትና አባት እሳቸው ነበሩ። ይህ ሰው ካርቱም ላይ «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ ሲያሳትም ቆይቶ፣ ቡሬና ማንኩሳ አካባቢ ድምፅ ማጉያውን ወደ ምሽጉ አዞረው። የተናገረው ለጣሊያኖቹ ሳይሆን በጣሊያን ስር ለተሰለፈው ሐበሻ ነው፤ በገዛ ቋንቋው። ንጉስህ አገር ገብተዋል፣ ና ውጣ ነው ነገሩ። ሰው በየሌሊቱ እየከዳ ወጣ። የካቲት 25 ቀን ናታሌ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ።

እርግጥ ዊንጌት የጦሩን ብዛት አጋንኖ ማስወራቱን መካድ አይቻልም፤ ጦርነት ነው። ዋናው ወሬ ግን እውነት ነበር። ጃንሆይ በጥር ወር ድንበር ተሻግረው ገብተዋል፤ የተጠራጠረ ወታደር ከባላገር ጠይቆ ሊያረጋግጥ ይችላል። የዛሬው የክለብ የህዝብ ግንኙነት ያጣው ይህን ነው። «ዝግጅቱን በጥሩ ሁኔታ እያደረገ ይገኛል» የሚለውን ጽሁፍ ደጋፊው ሜዳ ወርዶ ቢያረጋግጥ ልምምድ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ማን ያምነዋል?

ስለ ራሳችንም ልናገር። በክለቡ አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ክለቡ በያዘልን አልጋ አድረን፣ የውሎ አበል ፈርመን የምንመለስ ጊዜ አለ። ከህዝብ ግንኙነቱ ጋር ጥሬ ስጋ አብረን ቆርጠናል፤ ስንለያይ «አደራ ወንድሜ» ይለናል። ከዚያ በኋላ ያችን የደመወዝ ጥያቄ መጠየቅ ለኛም ያንቃል። ስለዚህ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ሲለን አንዳንዴ ውስጣችን ተመስገን ይላል። ልክ አይደለሁም የሚለኝ ባልደረባ ካለ ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ግን ደርሶብኛል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ለነዚህ ቡድኖች መኖርና አለመኖሩ እዚህ ላይ ነው። የቢራ ማስታወቂያ በሬዲዮና ቴሌቪዥን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከተዘጋ ወዲህ ክለቦች ሌላ ስፖንሰር ማሰስ ግድ ሆኖባቸዋል። ቡሬ ደግሞ ኢንዱስትሪ የገባባት ከተማ ናት። የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት የተመረቀው የፊቤላ የዘይት ፋብሪካም በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም አለው ተብሎለት ነበር። በሩን ለማንኳኳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። ግን ማልያ ላይ ስሙን የሚያጽፍ ድርጅት ሂሳብ ይጠይቃል። ስንት ሰው ሜዳ ይገባል? ስንት ጨዋታ አለ? ባለፈው ዓመት የተሰጠው ብር ምን ላይ ዋለ? ተጫዋቹ ስሜን ደረቱ ላይ ለጥፎ ደመወዝ አልተከፈለኝም ብሎ ቢያድም የምታዋርዱት እኔን አይደለም ወይ? ይህን የሚመልስ ወረቀት ማዘጋጀት የህዝብ ግንኙነቱ ዋና ስራ ነበር። ክፉውን ወሬ እንዲናገር ያልተፈቀደለት ሰው ግን ደጉንም ሲጽፍ ነጋዴው አያምነውም። ነጋዴ ደግሞ ከደጋፊ የበለጠ ተጠራጣሪ ነው።

ለመነሻ ብዙ አያስፈልግም። ቦርዱ ውስጥ የደጋፊ ተወካይ ይግባ፤ የህዝብ ግንኙነቱን የሚገመግመውም ቦርዱ እንጂ ከንቲባው ብቻቸውን አይሁኑ። በየወሩ መጨረሻ የወሩ ደመወዝ ተከፍሏል ወይም አልተከፈለም የምትል አንድ መስመር በክለቡ ስም ትውጣ። ያችን መስመር በማውጣቱ ማንም ከስራው እንዳይነሳ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

እኔም የራሴን ድርሻ ላስተካክል። ከዚህ በኋላ ስለ ደመወዝ ስደውል መጀመሪያ የምደውለው ገንዘቡን ለሚፈርሙት ለከንቲባው ነው። እሳቸውም ስብሰባ ላይ ከሆኑ፣ ከንቲባው ስብሰባ ላይ ናቸው ብዬ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምሬ እጽፋለሁ።